«አልተረጋጋም» ማለት ምን ማለት ነው? የቆላው ከብት ገበያና የቃል ምርጫ

የነጌሌ ቦረና ከብት ገበያ ዋጋ ሲወርድ «ገበያው አልተረጋጋም» ይባላል። ሲወጣም «አልተረጋጋም» ይባላል። ዝናብ ሲዘገይ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ በሞያሌ በኩል ይመጣ የነበረ ገዢ ሳይመጣ ሲቀር፣ ዶላር ሲወደድ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ «አለመረጋጋት»። ስለ ደቡቡ ቆላ በአማርኛ የሚጻፉ ሪፖርቶችን ያገላበጠ ሰው ይህ ቃል የሌለበትን ገጽ ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል።

የሚገርመው ደግሞ ብዙዎቹ ሪፖርቶች መጀመሪያ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛው ላይ አንድ ጊዜ ቫሪያቢሊቲ፣ ሌላ ጊዜ ፍላክቹዌሽን፣ ሲፈልግ ቮላቲሊቲ፣ አንዳንዴም ኢንስታቢሊቲ ተብሎ የተጻፈው ነገር፣ አማርኛው ላይ ሲደርስ አራቱም «አለመረጋጋት» ሆነው ቁጭ ይላሉ። እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰውም ቢሆን ቃላቱን ለይቶ ስለመጠቀሙ ዋስትና የለም። ብዙውን ጊዜ አንዱን ቃል በአንድ አንቀጽ ሁለቴ ላለመድገም ሲል ሌላውን ይተካል። ለድርሰት ያምር ይሆናል፤ ለገበያ ግን አይሠራም።

ይህ የቋንቋ መምህራን ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል። ሕመሙ «አለመረጋጋት» ከተባለ መድኃኒቱ «ማረጋጋት» ነው። በአገራችን ደግሞ ገበያ ማረጋጋት ማለት ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ የተሰጠው ምክንያት ገበያውን ማረጋጋት ነበር። ዘይትና ስኳርን የመሳሰሉ ዕቃዎች ከመደርደሪያ ላይ ጠፉ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ። ያኔ የነበረው ችግር የአጠቃላይ ዋጋ ንረት እንጂ ገበያው በቦታው መቆም አቅቶት መንገዳገዱ አልነበረም። የንረት ሥሩ በገንዘብ መጠን ውስጥ ሳለ መድኃኒቱ በባለሱቁ ላይ ታዘዘ።

ለመሆኑ አራቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በምን ይለያያሉ? ቫሪያቢሊቲ ከሁሉም ገለልተኛው ነው። አንድ ነገር ከአማካዩ ምን ያህል ወዲያና ወዲህ እንደሚል ብቻ ይናገራል፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም። ፍላክቹዌሽን ከማዕበል የመጣ ነው፤ ወጣ ብሎ ወረድ የሚል፣ ግን ወደ ውኃው ልክ የሚመለስ። ቮላቲሊቲ በላቲን ሥሩ መብረር ነው። ኬሚስቶች እንደ ቤንዚን ቶሎ የሚተን ፈሳሽን ይጠሩበታል፤ የፋይናንስ ሰዎች ደግሞ ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምን ያህል በመቶኛ ዘሎ እንደሚለወጥ ይለኩበታል። ኢንስታቢሊቲ በበኩሉ ከመቆም ጋር የተያያዘ ነው። ሲገፉት ተወዛውዞ ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር በዚህ ቃል አይጠራም፤ የሚጠራው ሲገፉት ወድቆ የማይነሣው፣ ቢነሣም ሌላ ቦታ ላይ የሚነሣው ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የአንድ ወይፈን ዋጋ በስድስት ተከታታይ የገበያ ወቅቶች እንዲህ ነበር እንበል፤ 12፣ 8፣ 12፣ 8፣ 12፣ 8 ሺህ ብር። በሁለተኛው ከተማ ደግሞ 12፣ 12፣ 12፣ 8፣ 8፣ 8። በሦስተኛው 12፣ 8፣ 8፣ 12፣ 8፣ 12። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የየትኛውም ገበያ ዋጋ አይደሉም። የሦስቱም ከተሞች አማካይ 10 ሺህ ብር ነው። የሦስቱም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 2 ሺህ ብር ነው፤ ከአማካዩ 20 ከመቶ። ኮምፒዩተር ላይ ያስገባቸው ባለሙያ ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ አግኝቶ ሦስቱንም «አልተረጋጉም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ነጋዴው ግን ሦስቱን አንድ አድርጎ አያያቸውም። በመጀመሪያው ከተማ በ8 ገዝቶ፣ መኖ ችሎ፣ በ12 የሚሸጥ ሰው ኑሮውን በዚህ ላይ ይመሠርታል፤ ለእርሱ መለዋወጡ ራሱ እንጀራው ነው። በሁለተኛው ከተማ ግን ዋጋው ወርዶ ቀርቷል። «ነገ ይመለሳል» ብሎ በ8 የገዛ ሰው መኖ እያበላ ይከስራል። በሦስተኛው ከተማ መውጣትና መውረዱ ይታወቃል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም። እዚያ የሚያዋጣው ገንዘብን ከፋፍሎ ማስቀመጥና ዋስትና መግባት ነው። የመጀመሪያውን ሁለተኛ ነው ብሎ የተረዳ አርብቶ አደር በመደናገጥ መንጋውን በርካሽ ይበትናል፤ ሁለተኛውን መጀመሪያው ነው ብሎ የተረዳ ደግሞ ሲጠብቅ ይከስራል። ስህተቱ የተሠራው በዋጋው ላይ ሳይሆን ለዋጋው በተሰጠው ስም ላይ ነው።

በቀን መቁጠሪያ የሚመጣው

ቦረናዎች ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ትልቁ ዝናብ «ገና» ይባላል (የልደት በዓሉ አይደለም፤ ስሙ ብቻ ገጥሞ ነው)። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ትንሹ ዝናብ «ሐገያ» ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት የደረቅ ወራት አሉ፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው «ቦና» ከሁለቱ የከፋው ነው። እነዚህ ስሞች ለከብት ገበያው የዋጋ ሠንጠረዥ ማለት ናቸው። በቦና መጨረሻ ከብቱ ከስቷል፣ ወተት ነጥፏል፣ ለእህል መግዣ ብሎ የሚሸጠው ሰው በዝቷል፤ ዋጋው ይወርዳል። ገና ከዘነበ በኋላ ከብቱ ይወፍራል፣ ቤት ውስጥ ወተት አለ፣ መሸጥ የሚፈልገው ሰው ያንሳል፤ ዋጋው ይወጣል። ይህን በዱብሉቅም ሆነ በሃሮ ባኬ ገበያ ከብት የሚነዳ ልጅ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን «አለመረጋጋት» ማለት ሌሊቱ በቀን ስለተተካ ብርሃኑ አልተረጋጋም እንደማለት ነው። ይህ ተለዋዋጭነት ነው። የሚያስፈልገውም ጣሪያም ወለልም ሳይሆን በቦና ሁለትና ሦስት ወር የሚያሻግር ብድር፣ ድርቆሽና ውኃ ነው። ያ ቢኖር ቤተሰቡ ወይፈኑን በከሳበት ወር አይሸጠውም። ነገር ግን ብድር ጠያቂው የመጣው «ካልተረጋጋ አካባቢ» ነው ተብሎ በወረቀት ከተጻፈ፣ በሩ የሚዘጋበት ገንዘቡ ከሁሉ ይበልጥ ሊሠራበት በሚችልበት ወቅት ነው።

ሌላም በቀን መቁጠሪያ የሚመጣ አለ፤ የዓረፋ በዓል። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጫነው በግና ፍየል ፍላጎት ከሐጅ በፊት ባሉት ሳምንታት ይንራል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ በዓሉ በየዓመቱ ወደ ፊት እየተሳበ ይመጣል። ስለዚህ የፍየል ዋጋን በወር በወር ብቻ የሚመዘግብ ሰው «በዚህ ወር ዓምና ወደደ፣ ዘንድሮ ረከሰ፤ ቅጥ የለውም» ሊል ይችላል። ቅጥ አለው። ቅጡ ያለው በሌላ ካላንደር ላይ ነው።

ከሰማይ ዱብ የሚለው

በ1990 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ ይለያል። በዚያ ዓመት ኤል ኒኞ ያመጣው ከባድ ዝናብ በሰሜን ኬንያና በደቡብ ሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን በሽታ አስነሣ፤ ሳዑዲ ዓረቢያም ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ የቁም እንስሳት እንዳይገባ ከለከለች። የሶማሌ ክልል በግና ፍየል ዋነኛ መውጫ የነበረው የበርበራ ወደብ ገዢ አጣ። ልብ መባል ያለበት፣ ያ ዓመት የድርቅ ዓመት አልነበረም። ሣር ነበረ፣ ውኃ ነበረ፣ እንስሳው ወፍሯል፤ የጠፋው ገዢ ነው። «የቆላው ችግር ድርቅ ነው» ብሎ ዝናብ ብቻ የሚመዘግብ ሰው ያን ዓመት የጥጋብ ዓመት ብሎ መዝግቦት ሊሆን ይችላል።

እገዳው ከአንድ ዓመት ጥቂት በላይ ቆይቶ ተነሣ። ይህን ቮላቲሊቲ ብንለው፣ በአማርኛም ድንገተኛ መናወጥ ብንለው ያስኬዳል፤ ዘሎ ወርዷል፣ ተመልሷል። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በሽታው በራሷ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተነሣና እገዳው እንደገና ታወጀ። ይኸኛው በይፋ የተነሣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል ማለት ነው። ምክንያቱ አንድ፣ አጋጁ አንድ፣ በሽታው አንድ፤ ቃሉ ግን አንድ ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው መናወጥ ሲሆን ሁለተኛው የገበያው መቆሚያ መለወጥ ነው። «እንደ ባለፈው ያልፋል» ብሎ ሪያድን የጠበቀና ሌላ ገዢ መፈለግ የጀመረ፣ ሁለቱ ሰዎች በዘጠኙ ዓመት ውስጥ አንድ ቦታ አልደረሱም።

የቅርቡም ምሳሌ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሞያሌ ላይ በኬንያ ሽልንግ ለሚገዛ ነጋዴ የአንድ ሰንጋ ዋጋ ምንም ሳይለወጥ በብር ሲታይ ግን ሊንር ይችላል። እዚህ ላይ የዘለለው ከብቱ አይደለም፤ ሚዛኑ ነው። ይህን «የከብት ገበያ አለመረጋጋት» ብሎ መዝግቦ ደላላውን መቆጣጠር ቴርሞሜትሩ ስለተሰበረ ሕመምተኛውን መርፌ መውጋት ይሆናል።

የብር ዋጋ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ሌላም ማስረጃ አለ። አርብቶ አደሩ ከብት የሚሸጠው ብር ለማከማቸት ሳይሆን በአብዛኛው እህል ለመግዛት ነው። ስለዚህ የእርሱ እውነተኛ ዋጋ «አንድ ወይፈን ስንት ኩንታል በቆሎ ይገዛል?» የሚለው ነው። በድርቅ ጊዜ ከብቱ እየረከሰ በቆሎው ይወደዳል። የከብት ዋጋ በሩብ ቢቀንስና የበቆሎ ዋጋ በግማሽ ቢጨምር፣ አራት ኩንታል ይገዛ የነበረው ወይፈን ሁለት ኩንታል ብቻ ይገዛል። ሪፖርቱ ላይ «25 ከመቶ ቅናሽ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር ቤት ውስጥ ሲገባ የግማሽ ጓዳ መጉደል ነው።

መንጋው ተመልሷል ወይ?

ስለ መንጋው ራሱስ? ሰሎሞን ደስታና ሌይን ኮፖክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የቦረናን ከብት ቁጥር ውጣ ውረድ ከ1980 እስከ 1997 ድረስ ተከታትለዋል። በ1976 እና 77 ዓ.ም. ከመንጋው ከሲሶ በላይ አለቀ። ከዚያ መንጋው እያገገመ ሄደ። በ1984 እና 85 ዓ.ም. እንደገና ከሲሶ በላይ አለቀ። አሰቃቂ ነው፤ ነገር ግን በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ይህ ኢንስታቢሊቲ ነው ወይ? የወደቀው ተነሥቷል። ብዙ ይወዛወዛል፣ ግን ይመለሳል። ሮይ ቤንኬ፣ ኢያን ስኩንስና ካሮል ከርቨን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት መጽሐፍ፣ በደረቅ አካባቢ ያለ ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ ይቆያል ብሎ ማሰብ ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን አስረድተው ነበር። ሳቬሪዮ ክራትሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ሥራ ከዚያም አልፎ ሄዷል፤ ለአርብቶ አደሩ ተለዋዋጭነት የሚታገሉት ጠላት ሳይሆን የሚያርሱት መሬት ነው ብሎ ይከራከራል። ዝናብ እዚህ ሲጥል እዚያ አይጥልም፤ ከብቱን ይዞ ወደጣለበት የሚሄድ ሰው ከዚያ ልዩነት ያተርፋል።

ይሁንና ይህም ሐሳብ በጭፍን ሊወሰድ አይገባም። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ወዲያው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ጎርፍ መጣ። ከዚህ በኋላ መንጋው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል ወይስ ዝቅ ብሎ ይቀራል? ግጦሹ በቁጥቋጦ እየተወረረ፣ ክፍት የነበረው መሬት እየታጠረ ሲሄድ መመለሻው መንገድ ራሱ ይጠብባል። «የአየር ንብረት መለዋወጥ» እና «የአየር ንብረት ለውጥ» በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ቃላት ስለሆኑ ጆሮ ያደናግራሉ እንጂ፣ አንደኛው ተመላልሶ የሚመጣ፣ ሌላኛው ሄዶ የማይመለስ ነው። ሁለቱን አደባልቆ የሚጽፍ ሰው ለአርብቶ አደሩ «ታገስ» እና «ተለወጥ» የሚሉ ሁለት ተቃራኒ ምክሮችን በአንድ ወረቀት ይልክለታል።

በ2004 ዓ.ም. በቦረና የተጀመረውን የእንስሳት መድን ማየት ይበቃል። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ያቀረበው ይህ መድን ሞቶ የተገኘ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፤ ልኩ ካለፉት ዓመታት ታሪክ ከተወሰነ ደረጃ በታች ከወረደ ካሳ ይከፈላል። ሐሳቡ ብልህነት አለው፤ ገምጋሚ ኮሚቴ የለም፣ «ከብቴ ሞተ» ብሎ የሚዋሽ የለም። ግን በምን ላይ እንደቆመ ልብ ይሏል። የአረቦኑ ሒሳብ የተሠራው ያለፉት ዓመታት አማካይ ለወደፊቱም አማካይ ሆኖ ይቆያል ተብሎ ነው። ተለዋዋጭነትን ይሸፍናል፤ መናወጥንም ይሸፍናል፤ አማካዩ ራሱ ቦታውን ከለቀቀ ግን ወይ ኩባንያው በየዓመቱ ይከፍላል፣ ወይ አረቦኑ ድሃው የማይደርስበት ይሆናል። ሞያሌ መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም ሪያድ ገበያ ስትዘጋ ደግሞ ሣሩ አረንጓዴ ስለሆነ ሳተላይቱ ምንም አያይም። ፍራንክ ናይት የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1921 ሊሰላ የሚችለውን አደጋ ከማይሰላው ጥርጥር የለየው ለዚህ ነበር። መድን የሚሸጠው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለአርብቶ አደሩ «ከአለመረጋጋት የሚጠብቅህ መድን መጣልህ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው ያልሸጠውን ዕቃ ስም ጠርቷል፤ ካሳ ሳይከፈል ሲቀር የሚጠፋው መተማመን ደግሞ በሳተላይት አይለካም።

እውነተኛው አለመረጋጋትስ? ነጌሌ እሱንም ታውቀዋለች። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በከተማዋ የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው አዛዦቻቸውን ያዙ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራልም አብረው ያዙ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያ የቆመ ነገር ወድቆ ተመልሶ አለመነሣቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ተቋቁሞ ነጌሌ መቀመጫው ስትሆን በጉጂ በኩል የተነሣው ተቃውሞም፣ ከዚያ ቀደም በ2004 እና በ2010 ዓ.ም. በሞያሌ የደረሰው የሰው ሞትና ስደትም «አለመረጋጋት» የሚለውን ቃል ይገባዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የሚያስፈልገው ሰላም እንጂ ድርቆሽ አይደለም። ታዲያ ቃሉ በየቦናው ለሚመጣ የዋጋ መውረድም ከዋለ፣ እውነተኛው ሲመጣ ማን ይሰማል? አንባቢው ለምዶታል፤ «ቆላው መቼ ተረጋግቶ ያውቃል?» ብሎ ገጹን ይገልጣል።

ቃሉ በቆላው ላይ የሚያርፈው በዋጋ ብቻ አይደለም። «ረጋ» የሚለው ግስ ለወተትም፣ ለሰውም፣ ለገበያም ያገለግላል። ወተት ረግቶ እርጎ ይሆናል፤ ሰው ረግቶ ይቀመጣል። በደጋ ሰው ጆሮ መርጋት ሁልጊዜ በጎ ነው፣ መንቀሳቀስ ሁልጊዜ ጥርጣሬ አለበት። ከብቱን ተከትሎ የሚሄደውን ሰው «ዘላን» ያለው ይኸው ጆሮ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሲሰጣቸው እንኳ በአማርኛው «ዘላኖች» ብሎ ነው የጠራቸው። ዛሬ መሥሪያ ቤቶች «አርብቶ አደር» ይላሉ። ስም ተቀየረ ተብሎ ዝናብ አልዘነበም፤ ነገር ግን «ዘላን» የተባለ ሰው የሚቀርብለት ዕቅድ ማስፈር ብቻ ሲሆን፣ «አርብቶ አደር» የተባለ ሰው ግን ሥራ እንዳለው ቢያንስ በወረቀት ታውቋል። ለዋጋውም ይኸው ቢደረግ ክፋት የለውም።

አንዳንዱ «ፍየል ለምትሸጥ ሴት ቫሪያቢሊቲ ሆነ ቮላቲሊቲ ምን ይጠቅማታል?» ይላል። እውነት ነው፣ ለእርሷ አይጠቅማትም፤ እርሷ አስቀድማ ለይታዋለች። ገበያ የሄደ ሰው ሲመለስ የሚጠየቀው «ገበያው ተረጋግቷል ወይ?» ተብሎ አይደለም። ዝናቡ የት ደረሰ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ የሞያሌ ሰዎች ዛሬ ገዙ ወይ፣ በቆሎ ስንት ገባ ተብሎ ነው። ያልለየው ሪፖርቱን የሚጽፈውና በሪፖርቱ ላይ ተመሥርቶ በጀት የሚመድበው ነው። በ2014 ዓ.ም. የቆላማ አካባቢ ጉዳይ በስሙ ውስጥ የገባበት ሚኒስቴር ተቋቁሟልና ጉዳዩ ባለቤት የለውም ማለት አይቻልም።

ለአማርኛውም ቢሆን ቃል አልጠፋም። በየወቅቱ ተመላልሶ ለሚመጣው «ተለዋዋጭነት» ይበቃል። በትንሹ ወጣ ወረድ ለሚለው ጋዜጦች የለመዱት «መዋዠቅ» አለ። ድንገት ለሚዘለው «መናወጥ» የተሻለ ይመስላል፤ ፍጹም ነው ማለት ግን አይደለም፣ ከዋጋ ይልቅ ለመሬትና ለባሕር ይስማማል የሚል ሊኖር ይችላልና የተሻለ ያለው ያምጣ። ቦታውን ለቅቆ ለማይመለሰው «አለመጽናት» ይሁን፤ «አለመረጋጋት» ደግሞ ለጸጥታው ጉዳይ ይተውለት። «ወላዋይ ገበያ» የሚለው ግን ቢቀር ይሻላል። ወላዋይም ሆነ ወረተኛ የሚባለው ልብ ያለው ሰው ነው፤ ገበያ የብዙ ሰዎች ፍላጎት ድምር እንጂ አሳብ የሚቀያይር ሰው አይደለም።

ቃሉን መምረጥ ደግሞ ከባድ ጥናት አይጠይቅም። በየወሩ በሚወጣው የዋጋ ሠንጠረዥ ላይ ከዘንድሮው ዋጋ አጠገብ የዓምናውና የካቻምናው ያው ወር ዋጋ ይጻፍ፤ በሌላ ዓምድ አንድ ወይፈን የሚገዛው በቆሎ በኩንታል ይግባ። የዓረፋ በዓል የዋለበት ሳምንት ምልክት ይደረግበት። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይበቃል። ያን ገጽ ያየ ሰው የታኅሣሡን መውረድ ዓምናም ካቻምናም እንደነበረ ካየ «ገበያው አልተረጋጋም» ብሎ ለመጻፍ ብዕሩ ያመነታል፤ መውረዱ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ወደ ነጌሌ ስልክ ደውሎ ምን እንደተፈጠረ ይጠይቃል።